በጠርዙ የተቋጠሩ ክሮች

ማርስደን፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.)

ይድረስ ለውድ ማክሲን፣

የሰማዩ አባት በገባሽበት ሁሉ ይግባ፣ በወጣሽበትም አብሮሽ ይውጣ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያጉረመርመው ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው።

አክስትሽ ዊኒ በመጋቢት ካረፈች በኋላ የጻፍሽልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ደርሶኛል። እስካሁን ዝም ያልኩት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «እኛ» ብዬ እጀምርና ወደ «እኔ» ማረም ያቅተኛል። ወረቀቱን አጥፌ ምድጃ ውስጥ እጨምራለሁ። ዛሬ ግን እንደምንም ይኸው እዚህ ደርሻለሁ።

እናትሽ ለንደን፣ ኪንግስ ሮድ ላይ ካለ ሱቅ ገብታለች ብላኛለች። ምን ዓይነት ሱቅ ነው ስላት «ልብስ ትሰፋለች» ትልና ወዲያው ስለ ዝናቡ ታወራለች። እኔም አልገፋኋትም። አንቺ ደግሞ በሰሞኑ ደብዳቤሽ የሱፍ ቁርጥራጭ ካለኝ እንድልክልሽ ጠይቀሻል። የሠራንበት የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ በነሐሴ ተዘግቷል፤ የሽመና መኪኖቹም ተነቅለው ተሸጠዋል። ከጣሪያ ሥር ያስቀመጥኩትን ቁርጥራጭ ሁሉ በዚህ ጥቅል ውስጥ አድርጌልሻለሁ።

በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለው ግን ቁርጥራጭ አይደለም። ዊኒ በመጨረሻ ስትጠግነው የነበረው ጣቃ ነው። ግራጫ ሱፍ ነው፣ ለእኔ ኮት ይሆናል ብላ የያዘችው። በልጅነትሽ ክረምቱን እኛ ዘንድ ስታሳልፊ ከጥገና ጠረጴዛዋ ሥር ትቀመጪ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ወደ ፋብሪካው መሄድ ሲያቅታት ጣቃውን ቤት አስመጥታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን ጠገነችው። ግማሹን ጨረሰች። ግማሹ እንዳለ ነው።

ጎረቤታችን ኤልሲ እኔ ልጨርስልህ ብላኝ ነበር። ኤልሲ ጎበዝ ጠጋኝ ነበረች፤ አፏ ግን ከእጇ ይቀድማል። ዊኒ ስላንቺ «የዚች ልጅ ጣት ያያል» ትል ነበር። ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው፦ ቀሪውን ግማሽ ጠግኚልኝና ለጰራቅሊጦስ እሑድ የምለብሰው ኮት ስፊልኝ። የእኛን ሸለቆ ልማድ ታውቂዋለሽ፤ በዚያ ቀን ከማርሽ ባንዱ ኋላ አሮጌ ልብስ ለብሶ የሚሄድ የለም። ባለፈው ጰራቅሊጦስ ከነጭራሹ አልወጣሁም። በሚመጣው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሷ እወጣለሁ። ብቻዬን ከምወጣ እጇ የነካውን ለብሼ ብወጣ ይሻለኛል።

ክሮቹን እንደ ደንቡ እየነቀልሽ ጨርሺው። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም።

አጎትሽ ክሌመንት ብሩክ


ለንደን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1976

ለአጎቴ ክሌመንት፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎንስ ደረጃ ከሚያስወጡት እታች አልጋ ቢዘረጉለት ምናለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከበረደኝና ሻይ በዳቦ ከሰለቸኝ በቀር። ቸሩ አምላክ ያቆይልኝ። ይህን መመረቅ ከእርስዎ ነው የተማርኩት፤ እዚህ ሰፈር የሚመርቅ የለም፣ የሚራገም ግን ሞልቷል።

ጥቅሉ ደረሰ። የሱቁ ባለቤት ቬራ ሰማያዊውን ወረቀት ስፈታ አጠገቤ ነበረች። ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ኮቱን እሰፋዋለሁ አጎቴ፣ ቃሌ ነው። ደረትዎንና ክንድዎን በክር ለክተው ይላኩልኝ፤ ግን እውነቱን ይለኩ፣ ሆድ መሳብ የለም።

ስለ ሱቁ የሚወራ ብዙ የለም። ልብስ እንሸጣለን፣ ለወጣቶች። ልጆቹ ይጮኻሉ እንጂ ክፉዎች አይደሉም።

አንድ ነገር አስቆኝም አስደንቆኝም ነበር። ተጠግኗል ያሉኝን ግማሽ በባትሪ ብርሃን ስፈትሸው አመሸሁ። አንድም የተጠገነ ቦታ አላገኘሁም። እውነት ጠግናዋለች?

ደግሞ አክስቴ በጠርዙ ላይ የቋጠረቻቸው ነጭ ክሮች እንዴት ደስ ይላሉ። ልጅ ሆኜ ወለሉ ላይ ሲወድቁ እየለቀምኩ ለአሻንጉሊቴ ፀጉር አደርጋቸው ነበር። ያን ጊዜም ጌጥ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ቬራ እንዳየቻቸው «አክስትሽ ከእኛው ወገን ናት» አለችኝ። በኮቱ ፊት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለው ቢታዩ እንዴት እንደሚያምሩ። ንቀያቸው ያሉኝን ቢያነሱልኝስ?

ማክሲን


ማርስደን፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1977

ይድረስ ለውድ ማክሲን፣

አዲሱን ዓመት የሰላም፣ የጤናና የሥራ ዓመት ያድርግልሽ። የደረቴንና የክንዴን ልክ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሆዴን አልሳብኩም፤ የሚሳብም የለው፤ ዊኒ ከሄደች ወዲህ ኮቶቼ ሁሉ ሰፍተውኛል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁ። ድምፄን ሰምቼ ራሴው ደነገጥኩ፤ ይህ ቤት ሳቅ ከሰማ ቆይቷል።

የኔ ልጅ፣ ክሮቹ ጌጥ አይደሉም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ ዘለልኩት። ክሮቹንም የቋጠረቻቸው ዊኒ አይደለችም። እኔ ነኝ። ሥራዬ ጨርቅ መመርመር ነበር። ጣቃው ከሽመና ሲወጣ በትልቁ መስኮት ፊት ከላይ ወደ ታች እስበዋለሁ። ብርሃኑ በጨርቁ ያልፋል፤ የተበጠሰ ድር፣ የተደረበ ማግ፣ የተቋጠረ ክር፣ ያለው እንከን ሁሉ ይታየኛል። ባየሁ ቁጥር በዚያው ትይዩ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር እቋጥራለሁ። ጠጋኟ ክሩን ተከትላ እንከኑን ታገኛለች። ከዚያው ጨርቅ በመዘዘችው ክር አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ትሸምነዋለች። ስትጨርስ ክሩን ትነቅላለች። ባትሪ አብርተሽ ያላገኘሽው ለዚህ ነው። ቢገኝማ ጥገና አይባልም ነበር።

ክሩ ሳይነቀል የቀረ ጨርቅ ግን ከነነውሩ የሚሸጥ ጨርቅ ነው። በጰራቅሊጦስ እሑድ ክር የተንጠለጠለበት ኮት ለብሼ ብወጣ ሸለቆው ሁሉ ከሩቅ ያነበዋል። እናንተ ዘንድ ጌጥ ይሁን፣ እኛ ዘንድ ክስ ነው። ስለዚህ አደራሽን ንቀያቸው።

ስለ ክር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላጫውትሽ። ዊኒ ፋብሪካው በገባች ዓመት እኔ ቀና ብዬ ሴት የማላይ ዓይነ አፋር ነበርኩ። አንድ ቀን እንከን የሌለበት ቦታ ላይ ክር ቋጥሬ ጣቃውን ወደ እሷ ጠረጴዛ ሰደድኩት። እንከኑን ፈልጋ ስታጣ ጣቃውን ተሸክማ መስኮቴ ድረስ መጣች።

«ከዚህች ክር ሥር ምንም የለም» አለችኝ።

«ደግመሽ እዪ» አልኳት።

ጨርቁን ሳይሆን እኔን አየችኝ። «አየሁ» ብላ ሄደች። በዓመቱ ተጋባን። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በጋብቻችን ሰሞን አንዲት የውሸት ክር እልክላት ነበር። ከሌሎቹ መርማሪዎች ክር የእኔን አይታ ትለያለች፤ ግራኝ ስለሆንኩ ቋጠሮዬ ወደ ግራ ነው የሚተኛው። እሷ ግን አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አፍ አውጥታ አውርታ አታውቅም። ዊኒ እንደዚህ ነበረች፤ ሥራዋም ፍቅሯም አይታይም።

አጎትሽ ክሌመንት


ለንደን፣ ማርች 21 ቀን 1977

ለአጎቴ ክሌመንት፣

አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሥራም በዝቷል። ንግሥቲቱ የነገሠችበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል እየደረሰ ስለሆነ ከተማው ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል፤ የእኛ ሱቅ ግን አልሰቀለም፣ በዚህም ጎረቤቶቻችን ደስ አላላቸውም።

የአክስቴ መርፌዎችና ያቺ ክር የምትነቅልባት ወረንጦ አሁንም ካሉ ይላኩልኝ። አንድ ፎቶዋንም ይጨምሩልኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ሆና የተነሳችው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ማክሲን


ማርስደን፣ ሜይ 6 ቀን 1977

ይድረስ ለማክሲን፣

ሰላምና ጸጋ ላንቺ ይሁን።

መርፌዎቹን፣ ወረንጦውንና ፎቶውን የላክሁልሽ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ነው። ደርሶኛል እንኳ አላልሽኝም። ስለ ኮቱም አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ቆየሁ።

ትናንት ኤልሲ ጋዜጣ ይዛ በጓሮ በር ገባች። ኤልሲ ደስ የማይል ወሬ ስትይዝ በጓሮ ነው የምትመጣው። ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «ክሌመንት፣ ይቺ የዊኒ የወንድሟ ልጅ አይደለችም? ምነው ፀጉሯን እንደ ጃርት አቆመችው?» አለችኝ። ወሬው በበዓሉ ዋዜማ አገር ስለሚያሰድቡ ወጣቶች ነበር። ፎቶው ላይ አንቺ ሱቁ በር ላይ ቆመሻል፤ ጆሮሽ ላይ በጉትቻ ፈንታ መርፌ ቁልፍ። በዚህ አልደነገጥኩም። ፀጉር ያድጋል፤ ጆሮም ይድናል።

ከጀርባሽ በመስታወቱ ውስጥ ግን አንድ ኮት ተሰቅሏል። ስፌቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ የቀረ፣ ነጭ ክሮች በፊቱ እስከ ታች የተንጠለጠሉበት። የጋዜጣ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የዚያን ጨርቅ አወራረድ ዓይኔ አይስተውም። ኤልሲ ዓይኔን ተከትላ አየችው። ጋዜጣውን አጠፈችው። ወጥታ ስትሄድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ይህ ደግሞ ከወሬው ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

ማታ ተንበርክኬ ራሴን ጠየቅሁ። የሚያመኝ የዊኒ ጨርቅ መንገደኛ እየሳቀ በሚያልፍበት መስኮት ላይ መሰቀሉ ነው? ወይስ ኤልሲ ስላየችው ነው? ጰራቅሊጦስ ላይ «የክሌመንትን ኮት አያችሁ?» መባሉን ፈርቼ ይሆን? ስለ ሚስቴ ማዘንና ለስሜ ማሰብ አንድ ላይ ተጠላልፈውብኝ የቱ ድር፣ የቱ ማግ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ጸሎቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ስለዚህ አልቆጣሽም። ለመቆጣት ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ በእውነት መልሺልኝ፦ ያልጠገንሽው አቅቶሽ ነው ወይስ አልፈልግም ብለሽ?

ክሌመንት ብሩክ


ለንደን፣ ሜይ 23 ቀን 1977

ለውድ አጎቴ ክሌመንት፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያሳርፍልኝ፤ ያሳዘንኩት እኔ ሆኜ መመረቄ ቢያሳፍረኝም። ኮቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ከመልበስዎ በፊት ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

አላቃተኝም። ይህን አስቀድመው ይወቁልኝ። መርፌዎቹ እንደደረሱኝ የአክስቴን ፎቶ ፊቴ አቁሜ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ካቆመችበት ቀጥሎ ያለውን የተበጠሰ ድር መረጥኩ። እርስዎ እንደጻፉልኝ ከራሱ ከጨርቁ ክር መዝዤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አደረግሁት። ስንት ጊዜ አፈረስኩት፣ ስንት ጊዜ ጀመርኩት። በመጨረሻ ተሳካልኝ። ነጩን ክር ነቀልኩና ለቬራ ሰጠኋት። ፈልጋ አጣችው። «የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ላሳያት ጎንበስ ስል እኔም አጣሁት።

ያን ጊዜ ፈራሁ፣ አጎቴ። ሁሉንም ጠግኜ ብልክልዎ ኖሮ የአክስቴ እጅ የት ላይ እንዳቆመ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ፣ ሥራዋ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ የሚኖር ነው። በአገሩ ስንት ሰው እሷ የጠገነችውን ለብሶ ተድሯል፣ ተሹሟል፣ ተቀብሯል፤ አንድም ሰው ስሟን አያውቅም። ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ፈታሁት። ክሩንም እዚያው ቦታው ላይ መልሼ ቋጠርኩት።

ከዚያ ጨርቁን ገለበጥኩት። በፊቱ በኩል የእሷ ጥገና አይገኝም። በጀርባው በኩል ግን አለ፤ የክሯን ጫፍ ጫፍ ትንሽ እያስተረፈች ትታዋለች። ለዓይን አይታይም፣ ጣት ግን ያገኘዋል። እኔም የጀርባውን ወደ ፊት አድርጌ ሰፋሁት። ጠርዙንም ቆርጬ አልጣልኩም፤ ሁሉ ቆርጦ የሚጥለውን እኔ የኮቱ ፊት አደረግኩት። ክር የሌለበት በኩል የእሷ ነው። ክሩ የሚጀምርበት ያቆመችበት ነው። ኮቱን ያየ ሰው እጇ የት እንደደረሰ ያውቃል።

በዚህ ሰፈር ስፌት ወደ ውጭ ማድረግ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። እዚህ የሚመጡት ልጆች ትምህርት ጨርሰው ሥራ የለም የተባሉ ናቸው። «ንጹሕ ልብስ ለብሰህ ብትመጣ ይቀጥሩህ ነበር» ይሏቸዋል። ለብሰው ሄዱ፤ ማንም አልቀጠራቸውም። አሁን ልብሱን ቀደው፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፣ ውስጡን ወደ ውጭ አውጥተው መንገድ ላይ ይሄዳሉ። እንከን ካለብን እናንተው እዩት ነው ነገሩ። ግማሹ ሰው ለማስደንገጥ ነው፣ አልዋሽዎትም። አሮጊቶች መንገድ ሲሻገሩብን ደስ የሚለን ቀን አለ። ግማሹ ግን የእውነት ነው።

ደግሞ አመፀኛ ብላችሁ የምታሙኝ እናንተ የማርስደን ሰዎች ናችሁ? ድሮ እንጀራችንን ቀማን ብለው የጨርቅ መኪና በመዶሻ የሰባበሩ ሰዎች አገር አይደለም ወይ? መኪናውንም መዶሻውንም የሠራው ያው አንድ አንጥረኛ ነው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔ ምንም አልሰበርኩም፤ አንድ ኮት ነው የገለበጥኩት።

ሳላስፈቅድ መስኮት ላይ መስቀሌ ግን ጥፋት ነው። ለዚህ ምክንያት አልደረድርም። ቬራ መስኮቱን የራስሽን ሥራ ስቀይበት ብላ ለቀቀችልኝ፤ እኔም ጓጓሁ። ዝም ያልኩትም አፍሬ ነው። አንድ ዘፋኝ ኮቱን ካልገዛሁ ብሎ በር ላይ ተቀመጠ። ለሽማግሌ ነው የተሰፋው ስለው ሳቀብኝ። «የትኛው ሽማግሌ ነው ይህን የሚለብሰው?» አለኝ። «ጸሎት ቤት የሚሄድ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ይበልጥ ፈለገው። ቬራ ሽጪው አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ አይመጣም አለች። አውርጄ በሰማያዊው ወረቀት ጠቀለልኩት።

ሁለቱንም ወገን ጨርሼዋለሁ። ገልብጠው ቢለብሱት ለስላሳው ፊት ይወጣል፣ ክሮቹም ከውስጥ ይቀራሉ፤ ማንም አያውቅም። መንቀልም ከፈለጉ እጅዎ ያውቅበታል። አልቀየምም።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር ብቻ አለ። የአክስቴ ጥገና ባለቀበት ቦታ፣ ሲለብሱት በግራ ደረትዎ ላይ የሚውል፣ አንዲት ክር አለች። ከሥሯ እንከን የለም። በባትሪ አየሁት፣ በሁለቱም ወገን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ምንም የለም። ያኔ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል ብዬ ባለችበት ተውኳት።

ማክሲንዎ


ማርስደን፣ ሜይ 31 ቀን 1977

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ ማክሲን፣

በጰራቅሊጦስ የወረደው መንፈስ ባንቺም በጓደኞችሽም ላይ ይረፍ፤ ጃርት የመሰለውንም ፀጉር አይለፈው።

ኮቱ ሐሙስ ደረሰኝ። ሳጥኑን የዊኒ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ አንቺ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ሁሉ ሄደ። ፍርሃቴ ግን አልሄደም። ልንገርሽ፣ ገልብጬ ልለብሰው ወሰንኩ። እሷን በልቤ ይዤ፣ ክሩን በውስጤ ደብቄ፣ ማንም ሳይስቅብኝ እሄዳለሁ አልኩ። ለስላሳውን ፊት አውጥቼ በሩ ላይ ሰቀልኩት። አምሮም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ በመስኮቱ ብርሃን ገባ። ያቺ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል ያልሽኝ ነገር ከንክናኝ ቆይታ ነበር። ዓይኔ ሌላ ጊዜ ይደክማል፣ በሥራዬ ላይ ግን ደክሞ አያውቅም፤ ይህን ስል ትዕቢት ከሆነ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ኮቱን አውርጄ ገለበጥኩትና እንደ ድሮዬ ብርሃኑ ላይ ያዝኩት። የምትያትን ክር አገኘኋት። እውነትሽን ነው፤ ከሥሯ ምንም የለም።

ከዚያ ቋጠሮዋን አየሁ። ወደ ቀኝ ነው የተኛው።

የሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። አንቺ መልሰሽ የቋጠርሻትን ወዲያው ለየኋት፤ የጀማሪ ቋጠሮ ነው፣ ይሻሻላል። የቀሩት ሁሉ ወደ ግራ የተኙ ናቸው፣ የእኔ ናቸው። ያቺ አንዲቷ ግን የእኔ አይደለችም፣ ያንቺም አይደለችም። ያ ጣቃ ደግሞ ወደ አንቺ እስኪመጣ ድረስ ከእኔ በኋላ ከዊኒ በቀር የማንም እጅ አላረፈበትም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻይ አፍልቼ ረስቼው ቀዝቅዞ ነበር።

እሑድ ጠዋት ገልብጬ ለበስኩት። ማለቴ አንቺ እንደሰፋሽው። ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ክሮቹ በፊቴ ተንጠልጥለው። ከጸሎት ቤቱ ደጅ ባንዱ ሊነሳ ተሰልፎ ሳለ ኤልሲ በአዲሱ ባርኔጣዋ ሰውን እየገፋች መጣች።

«ክሌመንት፣ ኮትህን ገልብጠህ ነው የለበስከው» አለችኝ በሹክሹክታ። የኤልሲ ሹክሹክታ ጥሩምባ ነፊዎቹ ድረስ ይሰማል።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ክሩም አልተነቀለም።»

«አውቃለሁ፣ ኤልሲ። እጅሽን አምጪ።»

ጣቷን ይዤ ክር በሌለበት በኩል ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት። መጀመሪያ ምን እንደማደርግ አልገባትም፤ ሰውም እያየን ነበር። ከዚያ ጣቷ ራሱ መሄድ ጀመረ። ዓይኗን ጨፈነች። ጠጋኞች ሲዳስሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከትከሻዬ ወደ ደረቴ ወርዳ ክሩ ከሚጀምርበት ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው ያቆመችው» አለች።

ሄዳ ከሴቶቹ አንዷን ጠራች፣ እሷ ሌላዋን ጠራች። አብረዋት በጥገና ክፍሉ የሠሩት በሕይወት ያሉት ሁሉ መጡ። መንገድ ላይ በአዲስ ልብሳቸው ከበውኝ ትከሻዬንና ጀርባዬን እየዳሰሱ «ይቺን እዪያት፣ እዚህ ማግ ተደርቦ ነበር»፣ «እዚህ ጋ እንዴት እንዳዞረችው» ይባባላሉ። ቆሜ ተዳሰስኩ። ሰባኪያችን ሴቶች ከብበውኝ ሲያይ ግራ ገባው። ባንዱም እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ሄድን፣ ዘመርንም። የሳቀ አልጠፋም፤ ጥግ ላይ የቆሙ ወጣቶች አፏጩብኝ። አንደኛው ጆሮው ላይ መርፌ ቁልፍ ነበረው፤ እሱ ግን አላፏጨም፣ ባርኔጣ እንዳለው ሁሉ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳልኝ። እኔም ባርኔጣዬን አነሳሁለት።

ስለ አመፅ የጻፍሽውን ሁሉ ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም። አሮጊት ማስደንገጥ ይቅርባችሁ፤ የማስደንገጡን ሥራ ዕድሜ ራሱ ይሠራዋል። ግን ዕድሜዬን ሁሉ እንከን አመልካች ነበርኩ፤ ሰው ያጠፋውን ሳሳይ ኖርኩ፤ ሰው የጠገነውን ግን ለማሳየት አንድም ክር ቋጥሬ አላውቅም። ይህን አሁን ገና አሰብኩት። ያሳሰብሽኝ አንቺ ነሽ።

ለሱቅሽ መስኮት ኮቱ ካስፈለገሽ ጠይቂኝ፣ ይዤው እመጣለሁ፤ ለዘፋኙ ግን አይሸጥም። በክረምት ደግሞ ነይ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ኤልሲም ልታስተምርሽ ዝግጁ ነኝ ብላለች፤ አፏን ከቻልሽው።

ክሮቹ ሁሉ ባሉበት ይኖራሉ። ያቺን አንዲቷን ማታ ማታ ኮቱን ሳወልቅ በጣቴ እነካታለሁ። ያኔ በወጣትነታችን ጣቃውን ተሸክማ መጥታ ከዚህች ክር ሥር ምንም የለም ስትለኝ ደግመሽ እዪ ብያት ነበር። መልሷ እኔ ዘንድ የደረሰው አሁን ነው። ደግሜ እያየሁ ነው።

አጎትሽ ክሌመንት